ቆሞ መብላት፦ በኮልፌ በለስ ላይ የተደረገ የመስክ ጥናት

በሌላው ዓለም መከር ሲደርስ ጥንታዊ የፖም እርሻ ድረስ ሄዶ፣ ዝርያውን እየጠየቁ ቁራጭ ቁራጭ መቅመስ የተከበረ ልማድ ነው። ኮልፌ ቀራንዮ የፖም እርሻ የለውም። ያለው ጋሪ ነው። ክረምት ሲገባ አጠና ተራና 18 ማዞሪያ መንገድ ዳር የሚቆመው የበለስ ጋሪ በዚህ ጥናት «ተንቀሳቃሽ እርሻ» ተብሏል፤ መንቀሳቀሱ ደንብ አስከባሪ ብቅ ባለ ቁጥር በተግባር ይረጋገጣልና።

ስለ ዝርያ የቀረበው ጥያቄ አጥጋቢ መልስ አግኝቷል።

«ይሄ ቢጫው ምን ዓይነት ነው?»

«ጣፋጭ ነው ጋሼ።»

«ቀዩስ?»

«እሱም ጣፋጭ ነው።»

በለስ የትውልድ አገሩ ሜክሲኮ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ወደ ሰሜን ኢትዮጵያ ገብቶ፣ የትግራይን ዓለት ተላምዶ ባላገር ሆነ። ቁልቋሉ ውሃ እንዳይተንበት ቀን ተዘግቶ ይውልና አየር የሚስበው ሌሊት ነው። ይህን ያህል ቆጣቢ ተክል ይህን ያህል አባካኝ በላተኛ ማፍራቱ ራሱን የቻለ ምርምር ይፈልጋል።

ሻጩ ሁለቱን ጫፍ ቆረጥ፣ ሆዱን ሰንጠቅ፣ ልጣጩን በአውራ ጣቱ ገለጥ አድርጎ ይዘረጋል። በላተኛው ከመሃል ፍሬውን ብቻ ያነሳል። ልጣጩን የነካ ሰው ለዓይን የማይታይ እሾህ ይዞ ቤቱ ይገባል፤ እሾሁ የሚገኘው ማታ፣ ብዙውን ጊዜ ከንፈር ላይ ነው። ኮልፌ ለሥልጠና እንግዳ አይደለም፤ ኔልሰን ማንዴላም በ1954 ዓ.ም. ክረምት የጦር ትምህርት የቀሰሙት እዚሁ ነው። የበለስ ሠልጣኝ ግን የሚማረው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ እጅን መሰብሰብ።

ዋናው ግኝት ሂሳቡ ላይ ነው። እዚህ ደረሰኙ ልጣጭ ነው። የየሰዉ ልጣጭ ለየብቻ ይከመርና በመጨረሻ ይቆጠራል። ሁለት ክምር ሲቀራረብ ግን የወሰን ክርክር ይነሳል።

«ወንድሜ፣ ይቺ የኔ አይደለችም።»

«ታዲያ የማን ናት ጋሼ?»

ጉዳዩ ተራውን በሚጠብቅ ሰው ምስክርነት ይቋጫል። ምስክሩ ዘወትር ለሻጩ ይመሰክራል፤ ቢላው ያለው በሻጩ እጅ ነው። «ተው፣ እኔ ነኝ የምከፍለው» የሚለው የግብዣ ድምፅም ከክምሩ ከፍታ ጋር በተቃራኒው ይሄዳል፦ ክምሩ ሲያድግ ድምፁ ይሰልላል፤ ከተወሰነ ከፍታ በላይ ጋባዡ ስልክ ይደወልለታል።

ስንት መብላት ይበቃል ለሚለው፣ በላተኛው የሚያዳምጠው ሆዱን ሳይሆን አጠገቡ የቆመውን ሰው ክምር ነው። የበለስ ዘር ሲበዛ ሆድ ያደርቃል። ይህን ሻጩም ገዢውም ጠንቅቀው ያውቁታል፤ ቢላው እየሠራ ግን የሚያነሳው የለም። የሚያነሱት እናቶች ናቸው፣ በማግስቱ።

የማግስቱን መረጃ ለመሰብሰብ የተደረገው ሙከራ ፈቃደኛ መረጃ ሰጪ በመጥፋቱ ተቋርጧል።