የነፍስ ኄር አቶ ዘፈን ምርጫ አጭር የሕይወት ታሪክ

የተከበራችሁ ለቀስተኞች፣ የእድራችን አባላት፣ ከአስፋልቱ ማዶ ተሻግራችሁ የመጣችሁ ጎረቤቶች! ዛሬ እዚህ ወሎ ሰፈር ድንኳን የጣልነው ዕድሜያቸውን ሙሉ ሰውን ከሰው ሲያጋብዙ የኖሩትን አቶ ዘፈን ምርጫን ለመሸኘት ነው። «አልሞቱም፣ አንድ ሁለት ጣቢያ ላይ ሰምተናቸዋል» የሚሉ አሉ። ይሁን። በዚህ አገር ሬሳ ሳይኖር በፎቶ አልቅሰን እናውቃለን።

አቶ ምርጫ ከአባታቸው ከአቶ መካከለኛ ሞገድ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ ትዝታ ተወለዱ። በእናታቸው ወሎዬ ናቸው፤ ባቲና አምባሰል አጎቶቻቸው ናቸው። ልጅነታቸው በኢትዮጵያ ሬዲዮ በደብዳቤ አለፈ። ወታደሩ ከካምፕ ይጽፋል፣ ደብዳቤው ይጓዛል፣ ወረፋ ይጠብቃል፤ ዘፈኑ ሲለቀቅ የተጋበዘችው ልጅ አግብታ፣ ወልዳ፣ ክርስትና እያስነሳች ነው። በ1955 ዓ.ም. የተከፈተው የሉተራውያኑ ብስራተ ወንጌል ሬዲዮ በ1969 ዓ.ም. በደርግ ሲወረስም አቶ ምርጫ ነበሩ። ዘመኑ የሰልፍ መዝሙር ስለነበር ድምፃቸውን ቀነስ አድርገው አሳለፉት።

የደላቸው በ1992 ዓ.ም. ኤፍ ኤም አዲስ 97.1 ሲከፈት ነው። ሲያፏጭና ሲንኮሻኮሽ የኖረው ድምፅ ድንገት ጠራ፤ ዘፋኙ ትንፋሽ ሲስብ ሳይቀር ተሰማ። ኋላ ፋና 98.1 መጣ፣ በ2000 ዓ.ም. ደግሞ የግሉ ሸገር 102.1። የልጁን የልደት ቀን የማያስታውስ አባወራ እነዚህን ቁጥሮች ከነነጥባቸው በቃሉ ይጠራ ነበር። ማታ ለስላሳ ሙዚቃ ሲባል ኬኒ ሮጀርስና ዶሊ ፓርተን እንደ ጎረቤት ልጅ በየቤቱ ይገባሉ። ቃሉን ማን ገብቶት! ብቻ ሁላችንም የሆነ ሰው ትዝ ይለን ነበር።

የሰፈራችን ሱቅ ሬዲዮ ከሻማው እሽግ በላይ ሚስማር ላይ ይንጠለጠል ነበር። ክዳኑ ጠፍቶ ድንጋዩን በላስቲክ አስረውታል። ድምፁ ሲሰለስል ባለሱቁ ድንጋዮቹን አውጥተው ቆርቆሮው ላይ ፀሐይ ያሞቋቸዋል፤ ካልሆነም በጥርሳቸው ነከስ ያደርጓቸዋል። ለምን እንደሚሠራ አይጠየቅም፣ ይሠራል። ከሥሩ ቁልፍ ያለው ሣጥን ውስጥ የተቀመጠው ስልክ የአቶ ምርጫ ቢሮ ነበር።

እዚህ ላይ የራሴን ኃጢአት ልናዘዝ። አንድ እሑድ ሠላሳ ጊዜ ያህል ደውዬ መስመር ገባልኝ። የወደድኳትን ልጅ ስም መጥራት ስለፈራሁ «ወሎ ሰፈር ለምትገኘው ለ‹መ›» አልኩ። ግቢያችን ውስጥ ስንት ‹መ› እንዳለ አላሰብኩም። ስድስት ቤት አንድ ጣቢያ ከፍቷል። ሦስት ልጃገረዶች በየደጃፋቸው ብቅ አሉ። አራተኛዋ ‹መ› የልጅቷ እናት ነበሩ፤ ባለቤታቸው ደግሞ ዘበኛ ናቸው፣ ዱላም አላቸው። የኔዋ ‹መ›? የዚያን ዕለት ልብስ እያጠበች ነበር፣ አልሰማችም።

እንዲህም ሆኖ እመሰክራለሁ፤ በስማቸው ከምናውቃቸው ምርጫዎች ሁሉ ውጤቱ በሦስት ደቂቃ የሚታወቅ፣ ተሸናፊ የሌለውና ታዛቢ ያላስፈለገው እሳቸው ብቻ ነበሩ።

የሞታቸውን ምክንያት በተመለከተ ሐኪሞች አልተስማሙም። ገሚሱ ማስታወቂያ ነው ይላል፤ በሁለት ዘፈን መሐል የቤት ሽያጭ፣ የሳሙናና የሎተሪ እየተጋቱ ሆዳቸው ተነፋ። ሌላው የኳስ ትንተና ሳንባቸውን ያዘው ባይ ነው፤ ከቦሌ እስከ ኦሎምፒያ ታክሲው ሙሉ ሰው የማያውቀውን አሰልጣኝ ሲያባርር ይውላል። እኔ ግን ፍላሽን እጠረጥራለሁ። ሾፌሩ ያቺን የጣት ጥፍር የምታህል ነገር የሰካ ዕለት ማንም ለማንም መጋበዙ ቀረ። ወያላው ራሱ መረጠ፣ ራሱ አዳመጠ፣ ሒሳብ ተቀበለ። ከዚያማ እያንዳንዱ ተሳፋሪ ጆሮው ላይ ሰክቶ ቁጭ ነው፤ ‹መ› አጠገቡ ብትቀመጥም በቴሌግራም ሊንክ ይልክላታል።

አቶ ምርጫ ባለትዳር አልነበሩም፤ ሌላውን ሲያጋቡ ጊዜ አላገኙም። ለኅልፈት ያበቃቸው ፍላሽ፣ ይባስ ብሎ፣ የገዛ ልጃቸው ነው፤ ያው ከበር ላይ ቆሞ ሲያለቅስ አያችሁት። ቲክቶክ የሚባል የልጅ ልጅም አላቸው፤ ለቅሶውን እየቀረጸ ስለሆነ ፊታችሁን አስተካክሉ።

ሰልስቱ ረቡዕ ነው። ንፍሮው ስላለ ማንም ሳይቀምስ እንዳይሄድ። የሐዘን መግለጫ በስልክ የምታስተላልፉ ወዳጆች፣ ድምፃችሁ እንዳይደጋገምብን፣ እባካችሁ ሬዲዮናችሁን ቀንሱልን።