ለዲኤክስ ባለቤት የቀረበ ቅን ምክር

ሞተሯ ከፋብሪካ እንደወጣ ያለ ቶዮታ ኮሮላ ዲኤክስ ካለዎት ያሳዝኑኛል። ጠዋት ትነሳለች፣ ማታ ቤትዎ ትመልስዎታለች፣ በመሃል የሚወራ ነገር የለም። ጋራዥ ደጃፍ ቆሞ የሚያማርረው ነገር የሌለው ሰው ደግሞ መኪና አለው አይባልም። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ የአየር ማስገቢያውን ማኒፎልድ ከአንዱ፣ የጭስ ማውጫውን ከሌላው ገዝተው ያጋቧቸው።

አንደኛ፣ ሁለቱን የሠራቸው አንድ እጅ እንዳይሆን አጥብቀው ይጠንቀቁ። ትልቅ የዌበር ካርቡራተር የሚቀበለውን ማስገቢያ ሶማሌ ተራ ይፈልጉ፤ ባለቧንቧውን ማውጫ የአጎትዎ ልጅ ከዱባይ በሻንጣ ይላክልዎ። ሻጮቹ ሁለቱም «ለፎር ኬ ሞተር ነው» ካሉ ሌላ ማጣራት አያስፈልግም። የድሮውን ማኒፎልድ በዚያው ቀን ይሽጡት። ቤት ከተቀመጠ አንድ ቀን ልብ ያስገዛዎታል።

ሁለተኛ፣ ምንም ነገር አይለኩ። የምክሬ እምብርት ይህ ስለሆነ ትንሽ ላብራራ። ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ1966 ከመጀመሪያዋ ኮሮላ ጋር የጀመረው የኬ ሞተር ዘር፣ የእርስዎን 1,290 ሲሲ ፎር ኬ ጨምሮ፣ አየር የሚያስገባውም ጭስ የሚያስወጣውም በቴስታታው በአንድ ጎን ነው። ሁለቱ ማኒፎልዶች አንድ ጓርኒሲዮን ይጋራሉ፤ በመካከላቸው የሚታሰረውም ዳዶ በአንድ ወፍራም ሮንዴላ የሁለቱንም ጠርዝ በአንዴ ይጫናል። ፋብሪካው ጠርዞቹን እኩል ስላደረጋቸው ሮንዴላው ቀጥ ብሎ ይቀመጣል። የእርስዎ ግን አንዱ 10፣ ሌላው 8 ሚሊሜትር ሆኖ ይመጣል እንበል። ዳዶውን ሲያጠብቁ ሮንዴላው ያዘነብላል፤ ወፍራሙን ቆንጥጦ ይዞ ቀጭኑን ይለቀዋል። ቁልፉ አልዞር ስለሚል እጅዎ «ጠብቋል» ብሎ ያምናል። ካሊፐር የያዘ ሰው ጉዱን በግማሽ ደቂቃ ስለሚያየው፣ እንዲህ ዓይነት ጓደኛ ካለዎት ለጊዜው ይራቁት።

ሦስተኛ፣ ድምፁን ይተርጉሙ። ቀጭኑ ማውጫው ከሆነ ሞተሩ ገና ሳይሞቅ «ጠክ ጠክ» ይላል፤ ብረቱ ሲሞቅና ሲለጠጥ ይቀንሳል። ይህን የቫልቭ ድምፅ ነው ብለው ቫልቭ ያስተካክሉ፤ ካልተሻለው ደግመው ያስተካክሉ። ቀጭኑ ማስገቢያው ከሆነ ጨዋታው ይደምቃል። ሚኒሞው ከፍ ዝቅ ይላል፣ ቤንዚን ሲሰጧት ካርቡራተሩ ያስነጥሰዋል፣ እርስዎም ካርቡራተር ማጠብ ይጀምራሉ።

አራተኛ፣ ጥፋቱን በአዲስ አበባ ያሳብቡ። ከተማዋ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ሳሳ ይላል፤ ለቆላ የተቃኘ ካርቡራተር እዚህ ቤንዚን ያበዛል። «እንግዲያው በክፍተቱ የሚገባው አየር ያመጣጥነዋል፣ አይዞዎት ጋሼ» የሚል መካኒክ አያጡም። ክርክሩ ያምራል። ሆኖም ካርቡራተሩ የሚያበዛው ለአራቱም ሲሊንደር ነው፤ ክፍተቱ ግን አየር የሚቸረው ይበልጡን ለአጠገቡ ሲሊንደር ነው። ካንዴላዎቹን ፈትተው በተርታ ቢደረድሯቸው ሦስቱ ጥቀርሻ ለብሰው፣ አንዱ ብቻ አመድ መስሎ ነጥቶ ያገኙታል። ያ ነጩ ቤንዚን አጥሮት በሙቀት የሚሠራው ነው፤ ዝም ከተባለ ቫልቩ ይቃጠላል። ለእሱ ብለው ጄት ቢያሳድጉ ሦስቱን በቤንዚን ያሰጥማሉ። እንዲህ ያለ ብልሽት በቀላሉ አይገኝም፤ ይንከባከቡት።

አምስተኛ፣ ሲሊኮን አይቆጥቡ። በማውጫው በኩል ያርራል፣ በማስገቢያው በኩል ቤንዚን ያላሽቀዋል፤ ስለዚህ በየጊዜው እንደ አዲስ መቀባት ይቻላል። ከዚያ ጓርኒሲዮን ይደርቡ። ጓርኒሲዮኑ የጋራ ስለሆነ ሁለቱን ማኒፎልዶች እኩል ያርቃቸዋል፤ የ2 ሚሊሜትሩ ልዩነት ንቅንቅ አይልም። ሦስተኛ ቢደርቡም ያው ነው፤ እርስዎ ግን ሥራ አይፈቱም።

በዚህ ሁሉ መሃል ደካማ ጎንዎ አሸንፎዎት መኪናዋ በሰላም እንድትሄድ ከተመኙ፣ ሰው ሳያይዎ እንዲህ ያድርጉ። ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ መጋጠሚያው ላይ በመርጫ ጥቂት ውሃ ይርጩ፤ ድምፁ የተለወጠበት ቦታ ክፍተቱ ነው። ቤንዚን የሚረጭ ካዩ ግን ይሽሹ፤ የጋለው ማውጫ እዚያው ጎን ነው። ከዚያ ሁለቱን አውልቀው ሮንዴላው የሚያርፍበትን ጠርዝ ይለኩ። ወፍራሙን ቶርኖ ቤት ወስደው ሮንዴላው በሚቀመጥበት ቦታ ብቻ ያስልጡት፤ ወይም በልዩነቱ ልክ ደረጃ ያለው ሮንዴላ ያስቀርጹ። በአዲስ ጓርኒሲዮን፣ ከመሃል ወደ ዳር፣ በየተራ በጥቂት በጥቂቱ ያጥብቁ። አንዴ ሞቆ ከቀዘቀዘ በኋላ ዳዶዎቹን እንደገና ይፈትሹ።

ኃላፊነቱ ግን የራስዎ ነው። መካኒኩ «እንዴት ሆነች ጋሼ?» ብሎ ሲደውል የሚመልሱለት ያጣሉ። ለባለቤትዎም ያ ሁሉ ብር የት እንደገባ ማስረጃ አምጡ ቢባሉ፣ ከቶርኖ ቤቱ ወለል የተጠረገ፣ እፍኝ የማይሞላ የብረት ፍቅፋቂ ነው የሚያቀርቡት።