ሚካኤል በእንግሊዝኛ

«እስቲ ወሮቹን ቁጠሪልኝ» አልኳት ልጄን።

«በአማርኛ ነው በእንግሊዝኛ?»

ስድስት ዓመቷ ነው። የአዲስ አበባ ተማሪ ዓመቱ ሁለት ነው፤ አንዱ በመስከረም ይጠባል፣ ሌላው በጃንዋሪ። በሁለቱም ቆጠረችና ጣቷን ይዛ ቀረች። «በእንግሊዝኛ አሥራ ሁለት፣ በአማርኛ አሥራ ሦስት። ፈረንጆቹ አንዷን ምን አደረጓት?»

ጳጉሜንን ላስረዳ ተነሣሁ። ወሩ ሁሉ 30፣ 30 ቀን ተከፋፍሎ የተረፉት 5 ቀናት ናቸው ስላት ተስማማን። ጣጣው የመጣው በስድስተኛዋ ቀን ነው። «ዓመቱ 365 ቀን ከሩብ ነው» ማለት ለሕፃን ምኑም አይደለም፤ ስለዚህ ዳቦ አንሥቼ ለአራት ቆረስኩት። ይኼ ሩብ የዮሐንስ፣ ይኼ የማቴዎስ፣ ይኼ የማርቆስ፣ ይኼ የሉቃስ። አራቱ ሲገጥሙ አንድ ሙሉ ቀን ይወጣቸዋል፤ ጳጉሜን 6 በ2015 የመጣችው፣ በ2019ም የምትመለሰው ለዚህ ነው እያልኩ ሉቃስ ጋ ስደርስ፣ ዮሐንስና ማቴዎስ በሻይ ተበልተዋል።

«እንግዲያ አትመለስማ» አለች አፏን እየጠረገች። ቀጥላም፣ «አባዬ፣ በጳጉሜን ሥራ ትሄዳለህ?»

«እሄዳለሁ።»

«ደሞዝስ?»

«የጳጉሜን ደሞዝ የለም።»

«ታዲያ ምን ልታደርግ ትሄዳለህ?»

ከጓዳ የባለቤቴ ሳቅ ተሰማ። የቤት ኪራይም የለባትም ብዬ ለማምለጥ ሞከርኩ፤ የሰማኝ ግን የለም።

ወደ ወቅቶች ሸሸሁ። «መስከረም፣ አደይ አበባ፣ ፀደይ!» ስል ጥግ ላይ ጥጥ የምትፈትለው እናቴ እንዝርቷን አቆመች። «ምን ፀደይ አለ? እስከ መስከረም 25 ክረምት ነው። ከ26 ጀምሮ መፀው፣ ከታኅሣሥ 26 በጋ። ፀደይማ መጋቢት 26 ነው የሚገባው። ዩኒቨርሲቲ ምን አስተማሩህ?» በዚህ ዕድሜዬ፣ በልጄ ፊት፣ ወቅት ተማርኩ። በየመስከረሙ ስንት ሰው «እንኳን ለፀደይ አደረሳችሁ» እንዳልኩ እግዜር ይቁጠረው።

እናቴም ብትሆን ሁሌ አይቀናትም። ነሐሴ ላይ «ቡሄ ካለ የለም ክረምት» ብላ አስተምራት፣ ልጅት በማግስቱ ጃኬቷን ጥላ ሱቅ ሄደች። እንደ አይጥ በስብሳ ተመለሰች። «እማማ፣ ክረምቱ አለ እኮ!»

«ለእኛ ነው እንጂ የተነገረን» አለች እናቴ ፀጉሯን በነጠላዋ እያደረቀችላት፣ «ዝናቡማ መች ሰማ!»

የሆነው ሆኖ ትምህርቱን በቀላል ጥያቄ ልዝጋ ብዬ «ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?» አልኩ።

«ሚካኤል» አለች እናቴ ቀና ሳትል።

«12!» ብላ ቀደመችኝ ልጄ። ደስ አለኝ። ደስታዬን ሳልጨርስ ወደ እኔ ዞረች።

«አባዬ፣ ሚካኤል በእንግሊዝኛ ስንት ነው?»

ስልኬን ፍለጋ ኪሴ ገባሁ።