ስንተኛ ወጡ?

ሩጫ በዚህ አገር የጀግና ሥራ ነው፤ የእኛ የሃምሳ ዓመት ጎልማሶች መከራም የሚጀምረው ከዚሁ ነው። አበበ ቢቂላ ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በአዲስ ዓመት ዋዜማ፣ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ማሸነፉን ከሕፃንነቱ ጀምሮ ሲሰማ ያደገ ሕዝብ፣ ሮጦ የመጣን ሰው ‹‹ደህና ገባህ?›› አይለውም። ‹‹ስንተኛ ወጣህ?›› ነው የሚለው። የግቢው ጥበቃ ይጠይቃል፣ ባለሱቁ ይጠይቃል፣ ፀጉር አስተካካዩ መቀሱን አቁሞ ይጠይቃል። ‹‹ጨረስኩ›› ብትሉት ‹‹እሱማ ይሁን፤ ግን ስንተኛ?›› ይላል። በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው በወጣበት አስፋልት የአንድ ቦርጫም ሒሳብ ሠራተኛን ተራ ማን ቆሞ ይቆጥራል?

‹‹ዕድሜ ቁጥር ነው›› የሚሉንም አሉ። ማሞ ወልዴ ሜክሲኮ ላይ ማራቶን ሲያሸንፍ 36 ዓመቱ ነበር፤ ቀነኒሳ በቀለ በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. የለንደን ማራቶንን በሁለት ሰዓት ከአራት ደቂቃ ከ15 ሰከንድ ሁለተኛ ሆኖ ሲገባ 41 ዓመቱ፤ ምሩጽ ይፍጠርማ ሞስኮ ላይ በ5 ሺህና በ10 ሺህ ሜትር ሁለቱንም ወርቅ ሲያጠልቅ ዕድሜው ስንት እንደነበር ጋዜጠኞች ሲከራከሩበት ኖረዋል። ይህንን ሁሉ የሚቆጥሩልን ሰዎች ራሳቸው ደረጃ የሚወጡት በሊፍት ነው። እነዚያ ጀግኖች ደግሞ ከልጅነታቸው ጀምሮ ሲሮጡ የኖሩ ናቸው እንጂ ሠላሳ ዓመት ወንበር ላይ ከርመው አንድ እሁድ ጠዋት ተነስተው የወጡ አይደሉም። ዕድሜ ቁጥር መሆኑንማ እናውቃለን። ሐኪሙ ከ220 ላይ ዕድሜህን ቀንስ ብሎ የልባችንን የምት ጣሪያ ሲነግረን 170 የመጣው ከዚያው ቁጥር ነው።

ወደ ሩጫው የገባነው በሁለት በር ነው፤ አንደኛው የሐኪም፣ ሁለተኛው የመሥሪያ ቤት። ስኳር ወይም ደም ግፊት ‹‹ተንቀሳቀስ›› ያለው አለ፤ አለቃው ‹‹ሁላችንም እንወጣለን›› ብሎ ስሙን ያስመዘገበውም አለ። በ1994 ዓ.ም. ኃይሌ ገብረ ሥላሴና ባልደረቦቹ ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያን ሲጀምሩ ሕዝብን ከአትሌት እኩል አደባባይ ማውጣታቸው ትልቅ ነገር ነው፤ ክብሩ ይገባቸዋል። ‹‹ቅድሚያ ለሴቶች›› የተባለው የ5 ኪሎ ሜትር ሩጫም ስንት እናት ስኒከር እንድትገዛ አድርጓል። ከዚያ ወዲህ ግን ባንኩም፣ ማኅበሩም፣ ትምህርት ቤቱም፣ ሆስፒታሉም የራሱን ሩጫ አወጣ። ዛሬ ያለ መሪ ቃል የሚሮጥ ሩጫ የለም። ለእናቶች ጤና፣ ለአካባቢ ጥበቃ፣ ለካንሰር ሕሙማን፣ ለትራፊክ ደህንነት፣ ለሰላም። ዓላማውን ማንም አይጠላም። እኔ የምለው ሌላ ነው፤ ዓላማው በየጊዜው ሲለዋወጥ የማይለወጠው የቲሸርቱ ልክ ነው።

ይህን ቲሸርት የሚሰፋው ሰው ሃምሳ ዓመት የሞላው ሰው አይቶ አያውቅም። ኤክስ ኤል ተብሎ የተሰጠን የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ላይ ልክክ የሚል ነው። ያውም ኤክስ ኤል ከተገኘ፤ ማለዳ ተሰልፈው ቀድመው የሚወስዱት ለፋሽን ሰፋ ያለ ልብስ የሚወዱ ቀጫጭን ልጆች ናቸው። ‹‹ቲሸርት ያልለበሰ አይገባም›› ስለሚባል መተውም አይቻል። እናም ደረቱ ላይ ‹‹ጤናማ ሕይወት›› የሚለው ጽሑፍ ሆዳችን ላይ ሲደርስ ይለጠጥና ፊደሉ ሁሉ ይገረጣል። ከጀርባ ደግሞ የስፖንሰሮቹ ስም ተደርድሯል፤ ኢንሹራንሱ፣ የታሸገ ውሃው፣ ቀለም ፋብሪካው። የሰው ማስታወቂያ ተሸክመን የምንሮጠው እኛ፣ ለመሸከሙ የምንከፍለውም እኛ። ባለቀለም ዱቄት የሚረጭበት ሩጫ ያጋጠማችሁማ ታውቁታላችሁ፤ የወጣት ፀጉር በአንድ ውሃ ይጸዳል፣ ሽበት ግን አረንጓዴውን ይዞ ሰኞ ቢሮ ይገባል።

ዋናው ሩጫ ሳይጀመር የሚሮጠውን ማን ይቁጠርልን? መንገዱ ከሌሊቱ ጀምሮ ዝግ ነው። ታክሲ የለም፣ ራይድ አይመጣም፣ ስለዚህ አሥር ኪሎ ሜትሩን ለመሮጥ መጀመሪያ መስቀል አደባባይ ድረስ በእግር መሄድ አለ። ከእኛ መሃል ቅዳሴ የማያስታጉለው፣ አስቀድሶ ልምጣ ቢል ሩጫው ያመልጠዋል፤ እሮጣለሁ ቢል ቅዳሴው። ከደረሱ በኋላ ደግሞ መቆም ነው፤ የክብር እንግዶች ንግግር አለ፣ ሙዚቃ አለ፣ ማሟሟቂያ የሚያሠራው ጎረምሳ ‹‹ዝለሉ!›› ይላል። እኛ ዝላያችንን ለመንገዱ ቆጥበናል።

ከሁሉ የሚብሰውን ልንገራችሁ፣ ሌላው ሰው ስለሚያፍር አይጽፈውም። ሽንት ቤት ነው። ሃምሳ ያለፈው ወንድ ሌሊት ስንቴ እንደሚነሳ ሚስቱ ታውቃለች። ያን ሰው ጠዋት ውሃ አጠጥተው፣ በብርድ ቁምጣ አልብሰው፣ ለስንት ሺህ ሕዝብ ጥቂት ተንቀሳቃሽ መጸዳጃ ቤት አቁመው ‹‹ተሰለፍ›› ይሉታል። ፊት ለፊቱ የቆሙት ልጃገረዶች ወረፋው ላይ ሊፕስቲክ እየተቀቡ ነው። አንድ ስሙን የማልጠራው ሩጫ ላይ ተኩሱ ሲተኮስ ወረፋው ውስጥ ነበርኩ፤ ከኋላዬ የነበሩት አንድ ጡረተኛ መምህር ‹‹እኔ ውድድሬን እዚሁ ጨረስኩ›› ብለው ወደ ቤታቸው ተመለሱ።

ሩጫው ከተጀመረ በኋላ ያለውን ሩጫ ለማለት ይከብዳል። ሰዉ ይጨፍራል። አምስት ሆነው እጅ ለእጅ ተያይዘው መንገዱን ሞልተው ይሄዳሉ፤ በድንገት ቆመው ስልክ ያወጣሉ፤ የሩጫ ሰውነት ጨርሶ የሌለው ጎልማሳ ትንፋሹን አስተካክሎ ልሂድ ሲል ሰልፊያቸው መሃል ገብቶ ይገተራል። ጭፈራውን አልጠላሁትም፤ የዚህ አገር ሩጫ ደስ የሚለው በጭፈራው ነው። ጉልበት ግን አንዴ ቆሞ እንደገና ሲነሳ እንደ አሮጌ ናፍጣ መኪና ነው፤ በስንት ግፊት ይነሳል! አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ለባለሜዳሊያውም ስስ ነው። ሯጮቻችን ጠዋት ጠዋት እንጦጦና ሱሉልታ ሣርና አፈር ላይ የሚሮጡት ወደው አይደለም፤ አስፋልት ጉልበት ይበላል። የእኛ ግን መጀመሪያውም መጨረሻውም አስፋልት ነው።

ዳገት ላይ አንጀታችን ሊወጣ ሲል ነው አንዲት ልጄን የምታክል ልጅ ስልኳን ደቅና ‹‹አባባ አይዞዎት! ይቻላል!›› የምትለው። ‹‹ይቻላል›› የኃይሌ ነው፤ እሱ ሲለው ያምራል። ትንሽ ቆይቶ ቲክቶክ ላይ እንወጣለን፤ አፋችን እንደተከፈተ። በሃምሳ ሁለት ዓመት ‹‹አባባ›› መባልስ ምን ይባላል? ‹‹ጋሼ›› ምን አጥቶ ነው? ሴቶቹም ‹‹እማማ›› ሲባሉ ፊታቸው ይጠቁራል፤ አይናገሩም እንጂ።

ሜዳሊያውን ስናጠልቅ ሁሉም እኩል ነው፤ ያም ጥሩ ነው። ሙዙም ይደርሰናል፣ ካላለቀ። ሰኞ ዕለት የቢሮውን ደረጃ ወደ ኋላ ዞረን ስንወርድ ግን የሚያይ የለም።

አዘጋጆች ሆይ፣ የምንለው ብዙ አይደለም። ሽንት ቤት ጨምሩ፤ ኤክስ ኤሉን ለሚገባው ስጡ፤ ንግግሩን አሳጥሩ። ዓለም ላይ የአንጋፋ አትሌቶች ውድድር ከ35 ዓመት ጀምሮ በየአምስት ዓመቱ ምድብ ይከፋፈላል፤ እኛም ለውጤት ባይሆን ለሰላማችን ከሃምሳ በላይ የሆነ ሰው የሚነሳበት የራሱ መስመር ይኑረው፤ ከፊት ይሁን ከኋላ ግድ የለንም። እናንተ ልጆች ደግሞ ፎቶ መነሳት ሲያምራችሁ እባካችሁ ዳር ውጡ።