ሲስተም የለም፣ ለውጥ ግን አለ

የመንግሥት መሥሪያ ቤት አይለወጥም የሚሉ ሰዎች ስም አጥፊዎች ናቸው። በዚህ አገር እንደ ለውጥ ዕድሜ የጠገበ ነገር የለም። የሲቪል ሰርቪስ ማሻሻያው በ1980ዎቹ ተጀመረ፤ በ2000 ዓ.ም. ገደማ ቢፒአር መጥቶ አሠራሩን ከሥሩ ሊነቅል ተነሳ፤ የውጤት መመዘኛው ቢኤስሲ ተከተለ፤ የለውጥ ሠራዊት አንድ ለአምስት ተደራጀ፤ ካይዘንም ከጃፓን ገብቶ የራሱ ኢንስቲትዩት ተቋቋመለት። ሠራተኛው የሁሉንም ሥልጠና ወስዷል። ባለጉዳይ ወንበሩን ባዶ ሲያገኘው ለምን ይገረማል? ሰውየው ሥልጠና ላይ ነው።

በአዲስ አበባ ቂርቆስ ክፍለ ከተማ ቀበሌው ወረዳ ከተባለ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። ነዋሪው ግን ዛሬም "ቀበሌ ደርሼ ልምጣ" ብሎ ነው ከቤቱ የሚወጣው። ስሙ ቢለወጥም ወረፋው ያው መሆኑን ያውቃላ! የዜጎች ቻርተር በግድግዳው ላይ በክብር ተሰቅሏል፤ የአገልግሎቱ ዓይነት፣ የሚወስደው ጊዜ፣ ቅሬታ የሚቀርብበት ቢሮ፣ ምንም የጎደለው የለም። "ሲስተም የለም" የሚባለው ከሥሩ ባለው መስኮት ነው። ድሮ "ፋይልህ ጠፍቷል" ይባል ነበር። የዲጂታል ኢትዮጵያ 2025 ስትራቴጂ በ2012 ዓ.ም. ከጸደቀ ወዲህ እምቢታውም ዘምኗል።

መንግሥት ፍጥነት አያውቅም የሚል ካለ ደግሞ ካዛንቺስን ይጠይቅ።

በጣሊያን ወረራ ዘመን ለወራሪው መንግሥት ሠራተኞች መኖሪያነት የተቆረቆረው፣ በኋላም የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ጎረቤት የሆነው ይህ ሰፈር፣ በ2017 ዓ.ም. መግቢያ ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ ሲስተም አልተቋረጠም። ኃላፊው ስብሰባ አልገቡም፤ ማኅተም ያዡም ለቅሶ አልሄደም። የስንት ዘመን ጉርብትና በሳምንታት ተነሳ፤ ነዋሪው ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች የከተማዋ ዳርቻዎች ተሸኘ። በአዘቦቱ ቀን ግን ሰፈር የሚቀይር ሰው ከወረዳው አንዲት የመሸኛ ወረቀት ለማውጣት "ነገ ብቅ በል" መባሉ ያለ ነው።

በዚያው ዓመት ሚያዝያ መሶብ የተባለው የአንድ ማዕከል አገልግሎት ተመርቆ የበርካታ ተቋማትን ሥራ በአንድ ጣራ ሥር ሰብስቧል። ደግ ሐሳብ ነው። ቢፒአርም ሲጀመር ደግ ሐሳብ ነበር።

እንግዲህ ለቀጣዩ ለውጥ ስም ከመውጣቱ በፊት አንድ ነገር ይሞከር፦ ቻርተሩ ላይ የተጻፈው ሰዓት ባለፈ ቁጥር ያዘገየው ኃላፊ ይጠየቅ። ካዛንቺስን በቀን ገደብ ያነሳ አስተዳደር የአንዲት መሸኛን ቀን ማክበር አያቅተውም።