በጋዜጣ የተጠቀለለው ራስ

የፋሲካ ዋዜማ ዶሮ የማርደው እኔ ነኝ፤ ቤቱ ውስጥ ሌላ ወንድ ስለሌለ እንጂ ቢላዋ አያያዜ የሚያኮራ ሆኖ አይደለም። ሰሞኑን ስለ አንጎል አበቃቀል ሳነብ ከርሜ ነበርና የአውራ ዶሮውን ራስ ከፍቼ ላየው አማረኝ። እስክመለስ በጋዜጣ ጠቅልዬ በሩ ሥር አኖርኩት። ስልክ ተደወለ። ረሳሁት።

ያገኙት አማቴ ናቸው።

«በስመ አብ! ደንቃራ!» የሚለው ጩኸታቸው ጎረቤቱን ሁሉ ሰበሰበ። ጠበል ተረጨ። አንዷማ ማን እንዳስቀመጠው ሳይቀር ደረሱበት፤ በአጥር ጉዳይ የተኳረፍናቸውን ሴትዮ ስም ጠሩ። ዝም ብል ይሻለኝ ነበር፤ አላስቻለኝም።

«እኔ ነኝ። አንጎሉን ላየው ብዬ ነው።»

ባሰ። የዶሮ አንጎል የሚፈልግ አማች ከደንቃራ የበለጠ ያስፈራል።

«እማማ፣ በዘረመል ብዛትማ ዶሮም ከእኛ ብዙ አይርቅም» ብዬ ጀመርኩ። ዋናው ነገር የትኛው ዘረመል፣ የት፣ መቼ ይበራል የሚለው ነው። ሜሪ ክሌር ኪንግና አለን ዊልሰን ሰውንና ቺምፓንዚን አስተያይተው ወደዚህ ሐሳብ ያዘነበሉት እ.ኤ.አ. በ1975 ነው። በ2015 ደግሞ የዱክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች «ሄር 5» የተባለ የዘረመል ማብሪያ ያዙ። የሰውና የቺምፓንዚው ማብሪያ የሚለያዩት በ16 የዲኤንኤ ፊደል ብቻ ነው። ለየብቻ የአይጥ ጽንስ ውስጥ ሲያስገቧቸው የሰዉ ማብሪያ ቀድሞም ጠንክሮም በራ፤ ነርቭ የሚወልዱት ሴሎች ቶሎ ቶሎ ተባዙ፤ አንጎሉም የቺምፓንዚውን ካገኘው ጽንስ በ12 በመቶ በለጠ። የበራው ዘረመል እኮ አይጥ ድሮም የነበራት ነው! ይሄን ስናገር ድምፄ ሳይጮኽ አልቀረም።

ጎረቤቶቹ ተያዩ።

«ለአይጥ የሰው አንጎል ሰጧት?» አሉ አማቴ።

«ማብሪያውን ብቻ።»

«እና ብልህ ሆነች?»

መተለቅና መብሰል ለየቅል መሆናቸውን ላስረዳ አፌን ስከፍት፣ አማቴ ፊታቸውን ወደ ድስቱ መልሰዋል። ብልቱን ይቆጥራሉ፤ 12 መሆን አለበት።

«አሥራ አንድ ነው» አሉ፣ ቀና ብለው እያዩኝ። «አንዱንስ ለየትኛዋ አይጥ ሰጠኸው?»

በጋዜጣው ላይ ድመቷ ተቀምጣ አፏን ትልሳለች። ራሱም የለም።