የፒካፕ አመራረጥ፣ ከኋላ ወንበር ሲታይ

ፒካፕ ማለት ፊቱ ለሰው፣ ኋላው ለዕቃ ተሠርቶ ሁለቱም በአንድ የብረት አጥንት ላይ የተጫኑበት ተሽከርካሪ ሲሆን፣ ይህን አጥንት የጋራዥ ሰዎች ሻንሲ፣ ሰው የሚቀመጥበትን ክፍል ደግሞ ጋቢና ይሉታል። የፎርድ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1925 ሞዴል ቲ በተባለችው መኪናው ላይ የጭነት ሳጥን ገጥሞ ለገበያ ሲያቀርብ፣ ቶዮታም እ.ኤ.አ. በ1968 ሃይሉክስን ሲያወጣ፣ በሐሳባቸው የነበረው ገበሬው፣ ግንበኛውና ነጋዴው እንጂ፣ ሦስት ልጆች፣ አንዲት አያትና አንድ ሙክት ይዞ ለፋሲካ አገር ቤት የሚወርድ የአዲስ አበባ ቤተሰብ አልነበረም። መኪናው ለጭነት ተወልዶ ለቤተሰብ የተዳረ በመሆኑ፣ በሽማግሌ ግፊት እንደተፈጸመ ጋብቻ ሁሉ፣ ከሠርጉ በፊት ቢነሡ መልካም የነበሩ፣ ብዙ ጊዜ ግን ከመልሱ በኋላ የሚነሡ ጥያቄዎች አሉበት።

ዋናው ዓይነት ሁለት ነው። ባለ ነጠላ ጋቢናው አንድ ረድፍ ወንበር ብቻ ስላለው የቤተሰቡን እኩሌታ በር ላይ ጥሎ መሄድን ይጠይቃልና ክርክሩ ሳይጀመር ይወድቃል፤ ደብል ጋቢና የሚባለው ግን አራት በርና አምስት መቀመጫ ይዞ ስለሚቀርብ አባወራው ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል። እንዲህ የሚመስለው መኪናውን በሹፌሩ ወንበር ተቀምጦ ስለሚሞክረው ነው። የኋላው መደገፊያ ከጋቢናው የጀርባ ግድግዳ ጋር ተጠግቶ ስለሚቆም ወደ ኋላ አይጋደምም፤ በዚህም ምክንያት የኋላ ተሳፋሪ፣ በድሮ ፎቶ ቤት ጉልበቱን ጨብጦ እንደተነሣ ባላምባራስ ቀጥ ብሎ፣ እስከ ደብረ ብርሃን ያለውን 130 ኪሎ ሜትር ይጨርሳል። ስለዚህ የምርጫው የመጀመሪያ ሕግ ሻጩ ዘንድ ሲኬድ አያትን ይዞ መሄድ ሲሆን፣ አያት መረገጫ ፈልገው፣ አንድ በስላሴ ሁለት በማርያም ብለው ከወጡና ሰፈሩን አንድ ጊዜ ከዞሩ በኋላ የሚሰጡት ቃል ከየትኛውም የመኪና መጽሔት ምስክርነት የበለጠ የታመነ ነው።

አያት ገና ከግቢው ሳይወጡ የሚያነሡት ቅሬታ በጋራዥ ቋንቋ ስም አለው፤ ባሌስትራ ይባላል። ባሌስትራ ተደራርበው የታሰሩ ቀጫጭን የብረት ዝርጎች ሲሆኑ፣ በአብዛኞቹ ፒካፖች ላይ የኋላውን ጭነት የሚሸከሙት እነርሱ ናቸው፤ ቃሉም እንደ ፍሪሲዮን፣ እንደ ካምቢዮና እንደ ጎሚስታ ከጣልያንኛ የመጣ ነው፤ ጣልያን ከአገር ከወጣ 80 ዓመት ቢያልፈውም ከጋራዥ ግን እስካሁን አልወጣም። እነዚህ ብረቶች እስከ 1 ቶን ገደማ፣ በአገሩ መስፈሪያ እስከ 10 ኩንታል፣ እንዲሸከሙ ታስበው የተሠሩ ስለሆኑ ባዶ ሲሆኑ በቀላሉ አይታጠፉም፤ ከመንገዱ የተረከቡትን ጉድጓድ ሳያጎድሉ ለተሳፋሪው ወገብ ያስረክባሉ። ሁለት ሦስት ኩንታል ጤፍ ሲጫንባቸው ግን ጠባያቸው ይለዝባል፣ አያትም ዝም ይላሉ። ስለዚህ ፒካፕ ያለው ቤተሰብ ለሽርሽር ሲወጣም ጤፍ ጭኖ ቢወጣ ይሻለዋል የሚለው አስተያየት ቀልድ ቢመስልም በፊዚክስ የሚደገፍ ነው። ኒሳን እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጣው ናቫራ በደብል ጋቢናው ላይ በአብዛኛው በባሌስትራ ፈንታ ጥቅል ሞላ በማድረጉ ለወገብ የራራ ሲሆን፣ የርኅራኄው ዋጋ የሚታየው ከባድ ጭነት በተጫነበት ቀን ኋላው ዝቅ ሲል ነው።

ከአስፋልት መውጣት ሲባልም የበረሃ ውድድር መታሰብ የለበትም። የአንድ ከተሜ ቤተሰብ ከአስፋልት መውጣት ቢበዛ መጋቢት 5 ወይም ጥቅምት 5 ዝቋላ አቦን ለመሳለም ተራራውን መውጣት፣ ካልሆነም ገጠር ካለ ዘመድ ደጅ ለመድረስ የመጨረሻዋን ጥርጊያ መንገድ ማለፍ ነው። ለዚህ ያህል ከ20 ሴንቲ ሜትር በላይ የሆነ የሆድ ከፍታ፣ ማለትም ከመሬት እስከ መኪናው ሆድ ዝቅተኛ ቦታ ያለው ርቀት፣ ከኮረኮንቹ ድንጋይ ያድናል፤ ከዋልካ ግን አያድንም። ዋልካ የሚባለው ጥቁር ሸክላማ አፈር በበጋ እግር እስኪያስገባ ይሰነጣጠቃል፣ በክረምት ደግሞ ውሃ ጠጥቶ ያብጥና የጎማውን ጥርስ ሞልቶ ጎማውን እንደ ድፎ ዳቦ ልሙጥ ያደርገዋል። ባዶ ፒካፕ የሞተሩ ክብደት ወደ ፊት ስለሚያመዝንበት የኋላ ጎማዎቹ መሬቱን በደንብ አይጨብጡም፤ በነርሱ ብቻ ሲነዳም ፊቱ ወደ ዘመድ ቤት እያየ ኋላው ወደ ቦይ ይሄዳል።

አራቱንም ጎማ የሚነዳው ሥርዓት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ከማርሹ አጠገብ ያለው ሁለተኛ ዘንግ ወይም ማዞሪያ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ቦታ አለው፤ ሁለት ኤች በኋላ ጎማ ብቻ፣ አራት ኤች በአራቱም ጎማ በተለመደው ፍጥነት፣ አራት ኤል ደግሞ ፍጥነቱን በጉልበት ለውጦ በአራቱም ጎማ ያስኬዳል። በብዙ ፒካፖች አራት ኤች ሲገባ የፊቱና የኋላው ኃይል አስተላላፊ አንድ ላይ ይቆለፋል፤ መኪናው ሲታጠፍ ግን የፊት ጎማዎች ከኋላዎቹ የረዘመ መንገድ ስለሚሄዱ ልዩነቱ በጭቃ ላይ በመንሸራተት ሲካካስ፣ በደረቅ አስፋልት ላይ መሄጃ ያጣና የኃይል አስተላላፊውን ጥርሶች እያጨናነቀ ይሰባብራል። ጭቃ ለሌለበት የቦሌ መንገድ አራት ኤች የሚያስገባ ሰው እንግዲህ ክብሩን ሳይሆን የመካኒኩን ልጆች የትምህርት ቤት ክፍያ እያሳደገ መሆኑን ቢረዳ ይጠቅመዋል።

የአገሩ ከፍታም በምርጫው ውስጥ ድምፅ አለው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ስላለች አየሯ ከባሕር ዳርቻው ከአምስት አንድ እጅ ያህል የሳሳ ነው፤ ሞተርም ነዳጅ የሚያነድደው በአየር በመሆኑ፣ በራሱ ጭስ ኃይል እየተሽከረከረ አየር አምቆ የሚያስገባው ተርቦ የሌለው እንደ ሆነ አቀበቱን ከተሳፋሪዎቹ ጋር እኩል እየቃተተ ይወጣዋል። ቁልቁለቱ ደግሞ የባሰ ነው። ከጎሐ ጽዮን እስከ ዓባይ ድልድይ ድረስ መንገዱ ከ1,000 ሜትር በላይ ስለሚወርድ፣ ፍሬኑን ያለማቋረጥ ረግጦ የሚወርድ ሹፌር ፍሬኑ ግሎ ሲከዳው ያያል፤ ማርሹን ዝቅ አድርጎ ሞተሩ ራሱ እንዲይዘው የሚያደርግ ግን ድልድዩ ጋ ሲደርስ ፎቶ ለመነሣት የሚበቃ ቀልብ ይተርፈዋል።

ይህን ሁሉ ትቶ የገዢ ዓይን ብዙ ጊዜ የሚያርፈው በጌጡ ላይ ነው። ከኮፈኑ ጎን ወጥቶ እስከ ጣሪያ የሚደርሰው ጥቁር ቱቦ ሞተሩ ከፍ ካለ ቦታ አየር እንዲስብ የሚያደርግ ነው፤ ሞተር በአየር ፈንታ ውሃ ከሳበ፣ ውሃ አይታመቅምና ቢየላ የሚባለው የፒስተን ክንድ ይጣመማል። ዓላማው መልካም ሆኖ ሳለ፣ ቱቦው መኪናውን ጀልባ እንደማያደርገው የሚታወቀው ወንዙ መካከል ነው። በቱቦው ላይ የፊት ብረት፣ በብረቱ ላይ ስድስት መብራት፣ በመብራቱ ላይ ገመድ የሚስብ ማሽን ተጨምሮ፣ መኪናው በዘመኑ ሁሉ የሚሻገረው ትልቁ ውሃ የሠፈሩ ቧንቧ ሲፈነዳ የሚጠራቀመው ይሆናል።

ስለ ገበያው በአጭሩ ለመናገር፣ መንግሥት ኤሌክትሪክ ያልሆኑ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን በጥር 2016 ዓ.ም. ካሳወቀ ወዲህ የናፍጣ ፒካፕ ፈላጊ በአብዛኛው የሚገዛው አገር ውስጥ የከረመውን ነው፤ የኤሌክትሪኩ ፒካፕ ጉልበት ባያጣም፣ ዘመድ ያለበት ገጠር መብራት ራሱ በዘመድ ልመና የሚመጣ ከሆነ ሌላ ስሌት ይጠይቃል። የከረመውን የሚያሻሽጠው ደላላ የራሱ መዝገበ ቃላት ያለው ሲሆን፣ «ያልተነካች» ማለት አንድ ጊዜ ብቻ የተጋጨች፣ «በሴት የተያዘች» ማለት ባለቤቷ ሴት ሆነው የሚነዳት ግን የወንድማቸው ልጅ፣ «ለባዕድ ቢሆን አልሰጥም ነበር» ማለት ደግሞ ትናንት ሁለት ባዕዳን አይተዋት ጥለዋት ሄደዋል ማለት ነው። መፍትሔው ቀለሟን ትቶ ከሥሯ ተጋድሞ ሻንሲዋ ላይ የብየዳ ጠባሳ መፈለግ ነው። በነባሩ የሰሌዳ ሥርዓት ብዙ ፒካፖች አረንጓዴውን ኮድ 3፣ ማለትም የንግድ ሰሌዳ፣ ስለሚለጥፉ፣ ልጆቹን ትምህርት ቤት አድርሶ የሚመለስ አባት ሳያስበው ራሱን ነጋዴ ሆኖ ሊያገኘው እንደሚችልም መታወቅ አለበት።

የቀረው የጭነት ሳጥኑ ነው፤ ጥያቄው ሁሉ ዞሮ የሚያርፈውም እዚህ ነው። በደብል ጋቢና ላይ ርዝመቱ 1 ሜትር ተኩል ገደማ ሲሆን፣ ክዳን ካልተበጀለት በኮረኮንች ላይ መኪናው የሚያስነሣው አቧራ ከኋላው ወደተፈጠረው ክፍት ቦታ እየተመለሰ ስለሚገባ፣ ከአገር ቤት የተላከ በርበሬ አዲስ አበባ ሲደርስ ክብደቱ ጨምሮ ይገኛል። ከአቧራው የሚብሰው ግን ወሬው ነው። ፒካፕ ግቢ የገባበት ቀን ካለፈ በኋላ የባለቤቱ ዘመድ ይበዛል፤ ሁሉም የሚጀምሩት «ትንሽ ዕቃ ነበረችኝ» ብለው ሲሆን፣ ትንሽ ዕቃ የሚለው ሐረግ በተግባር ባለ ሦስት በር ቁም ሣጥን ማለት እንደ ሆነ፣ የኋላው ከለላ ተከፍቶ ቁም ሣጥኑ ግማሽ አካሉን ወደ ውጭ አውጥቶ ሲጓዝ ይረጋገጣል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ሲባል፣ በፒካፕ ዘንድ ነገሩ ተገልብጦ የሃምሳው ሰው ሎሚ በአንዱ ሰው መኪና ላይ ይጫናል። ቀድሞ ስሙን ለማስታወስ ይቸገሩ የነበሩት የዕድሩ ዳኛም ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላምታቸው ይረዝማል፤ ድንኳኑ፣ ብረቶቹ፣ አግዳሚ ወንበሮቹና ብረት ድስቶቹ በአንድ ምልልስ እንደማያልቁ እርሳቸው አስቀድመው ያውቃሉ።

ሸራና ገመድ ከመኪናው ጋር አይሸጡም፤ ለብቻ መገዛት አለባቸው።